ሳይቆጠር ያለፈው የካሴት ዘመን

አሜሪካኖች ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ቢልቦርድ ሆት 100» በሚሉት ሰንጠረዥ የሳምንቱን አንደኛ ዘፈን ይመዘግባሉ። የትኛው ዘፈን በየትኛው ሳምንት ስንተኛ እንደነበር ዛሬም ገልጦ ማየት ይቻላል። እኛ ጋ ግን በ1990ዎቹ አገር ምድሩን ያዳረሱት ዘፈኖች ስንት ካሴት እንደተሸጡ የሚነግረን መዝገብ የለም። ያለን «በጣም ተሰምቶ ነበር» የሚል ትዝታ ብቻ ነው።

ታዲያ ዘፈን መውጣቱ በምን ይታወቅ ነበር? ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወደ ሳንጃና ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ትክል ድንጋይን እንውሰድ። እንዲህ ላለች ከተማ ዘፈን የሚደርሰው በመኪና ነበር። ካሴቱ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ጎንደር ሙዚቃ ቤት ይደርሳል፣ ከዚያ በሹፌሮች ቴፕ ሽቅብ ቁልቁል ይጓዛል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ዜማውን ይዞት ይወርዳል። የግል ኤፍኤም ጣቢያ ገና ሳይመጣ ደረጃ የሚያወጣው መንገዱ ነበር።

ሁለተኛው መለኪያ አዝማሪ ነው። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። አዲስ የካሴት ዜማ ማሲንቆ ላይ ከወጣ፣ ጠጪውም «ተቀበል!» እያለ የራሱን ግጥም ከጨመረበት፣ ያ ዘፈን ሕዝብ ገብቷል ማለት ነው። በዚህ ባህል ዜማ መውሰድ እንደ ስርቆት አይታይም፤ ለባለቤቱ ሙገሳ ነው። አዝማሪው ግን በወሰደው ላይ ድምፁንና ላቡን ይጨምርበታል። በሁለት ቴፕ መሀል ባዶ ካሴት የሚያባዛው ነጋዴ ቁልፍ ከመጫን በቀር የጨመረው ነገር አልነበረም። የተቀዳው ካሴት ሲቸበቸብ ዘፋኙ ዝናውን አገኘ፣ ገንዘቡን ሌላ ሰው ወሰደው።

ሕጉም ዘግይቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲ መብት ይናገራል፤ ለድምፃውያንና ለአሳታሚዎች ራሱን የቻለ ጥበቃ የመጣው ግን በ1996 በወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ነው። ያኔ የካሴት ዘመን ወደ ማምሻው ነበር፤ ሲዲው ገበያውን ይዞ ነበር።

ሁለት አልበሞችን ጎን ለጎን እንይ። ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ ያወጣችውን አልበም ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ነው፤ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ተጫውተውበታል። አሳታሚው ፓልም ፒክቸርስ የውጭ ኩባንያ ስለነበር ሽያጩ በውል የሚመራ ነበር። እዚህ አገር ከእጅ ወደ እጅ የተቀዳው ግን የማንም መዝገብ ላይ የለም።

የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» ደግሞ የወጣው በ1997፣ በዚያ የምርጫ ዓመት ነው። የመንግሥት ሬዲዮ ርዕስ ዘፈኑን ገሸሽ አደረገው፤ ሕዝቡ ግን በየታክሲውና በየቡና ቤቱ ሰማው። ያኔ በሬዲዮ ስርጭት ላይ የተመሠረተ ሰንጠረዥ ቢኖረን ኖሮ ዘፈኑን ከነጭራሹ ላያገኘው ይችል ነበር። ስለዚህ ቆጠራ ብቻውን አይበቃም፤ ማን ይቆጥራል የሚለውም ጥያቄ ነው።

ይኸው ድምፃዊ በ2009 «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ መርቷል። ደስ የሚል ዜና ነበር። ነገር ግን ሰንጠረዡ የሚለካው የአሜሪካን ገበያ ነው። የትክል ድንጋይ አድማጭ ያኔም አልተቆጠረም።

ጉዳዩ የትዝታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከእያንዳንዱ ዝነኛ ዘፈን ጀርባ ግጥም ደራሲ፣ ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ አለ፤ ብዙዎቹን በስም እንኳ አናውቃቸውም። አዋጁ ለድምፃውያንና ለአሳታሚዎች የሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። በ1997 የተቀዳ ዘፈን ባለመብት እስከ 2040ዎቹ አጋማሽ መብቱ አይሞትም ማለት ነው። በ2007 የተሻሻለው አዋጅም ክፍያ ሰብስቦ የሚያከፋፍል የጋራ ማኅበር እንዲኖር መንገድ ከፍቷል። ለማከፋፈል ግን መጀመሪያ የትኛው ዘፈን የት ስንት ጊዜ እንደተሰማ መታወቅ አለበት።

እነዚያ ዘፈኖች ዛሬም በየሆቴሉ፣ በየአውቶቡሱና በየሠርጉ ይዘፈናሉ። ትናንት ያልተቆጠረውን መመለስ አይቻልም። ዛሬ የሚሰማውን አለመቆጠር ግን በካሴቱ ዘመን ሊሳበብ አይችልም።