ባልጩቱ ከየት መጣ?

ሰሞኑን ከዓለም ባንክ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የተለመደው የዓባይ ክርክር ተነስቶ ነበር። ክርክሩ ግድቡን ጨርሶ፣ ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደ ልማዱ ፒራሚድ ላይ ደረሰ። «ፒራሚዱንም ቢሆን የሠራነው እኛ ነን» አሉ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ አባት። ታክሲው በሙሉ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ተስማምቼ ግን አይደለም፤ ልላቸው የፈለግሁት ነገር በሁለት ፌርማታ የሚያልቅ ስላልነበረ ነው። እነሆ እዚህ ልጨርሰው።

አባባ፣ ፒራሚዱን አልሠራንም። የሠራተኞቹ መንደርና መቃብር እዚያው ጊዛ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ እንጀራቸው… ይቅርታ፣ ዳቧቸው የተጋገረበት ቤት ሳይቀር ተገኝቷል። ግብጻውያን ነበሩ። ይህን ማመን አይጎዳንም። ከእኛ አካባቢ ግብጽ የገባ፣ ከፒራሚዱም የሚቀድም፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አለና።

ነገሩ ባልጩት ነው። ባልጩት ስል ጥቁሩን፣ እንደ ጠርሙስ የሚያንጸባርቀውን፣ ሳይንሱ ኦብሲዲያን የሚለውን ማለቴ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ ድንጋይ ሳይረጋ ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስታወት ነው። ሲሰበር ጠርዙ ከምላጭ ይሰላል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ጉንተር ድራየር የሚባል ጀርመናዊ አርኪዮሎጂስት በላይኛው ግብጽ፣ አቢዶስ በተባለው የጥንት መቃብር ስፍራ፣ 12 ክፍሎች ያሉት አንድ መቃብር ቆፍሮ አወጣ። አጥኚዎቹ «ዩ-ጄ» ብለው መዝግበውታል። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3200 ዓመት ገደማ ነው፤ ማለትም ከታላቁ ፒራሚድ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። ገና ፈርዖን የሚባል ሥርዓት በወጉ ሳይተከል የኖረ የአንድ ገዢ መቃብር ነው። ዝናው ከ150 በላይ በሆኑ ትንንሽ የአጥንትና የዝሆን ጥርስ ምልክቶቹ ነው፤ ምልክቶቹ ላይ ያሉት ቅርጾች በግብጽ ምድር ከተገኙት ጽሕፈቶች ሁሉ ከቀደምቶቹ ይቆጠራሉ። ዓለም ስለ ጽሕፈቱ ብዙ አወራ። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያው መቃብር የወጣ ሌላ ዕቃ ነው፤ የሰው እጅ የተቀረጸበት የባልጩት ሳህን።

ባልጩትን ሰብሮ ስለት ማውጣት አንድ ሙያ ነው። ባልጩትን ሳህን ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። በመዶሻ ከመቱት ይፈረካከሳል፤ ስለዚህ በአሸዋና በጠንካራ ድንጋይ እየፈተጉ፣ በትዕግሥት እየሞረዱ መጨረስ ነው። አንዲት ስህተት የብዙ ቀን ድካም ታጠፋለች። ይህን ያህል የተደከመበት ድንጋይ ርካሽ ወይም ደጅ የሚገኝ ድንጋይ እንዳልነበር መገመት አያቅትም።

ደጅ የሚገኝ አልነበረም። ግብጽ ውስጥ የባልጩት መገኛ የለም። ታዲያ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ኬሚስትሪ ይገባል። ማር ቀምሶ «ይሄ የግራር ነው፣ ይሄ የገተም ነው» የሚል ሰው ታውቃላችሁ አይደል? ባልጩትም እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ውስጥ እንደ ዚርኮኒየምና ሩቢዲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች በየራሳቸው መጠን ይገኛሉ፤ ከአንዱ ተራራ የወጣው ከሌላው አይመሳሰልም። አጥኚዎች ከመንግሥታቱ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ዘመን የነበሩትን የላይኛው ግብጽ ባልጩቶች መርምረው ከአናቶሊያም፣ ከየመንም፣ ከአፍሪካ ቀንድም ናሙናዎች ጋር አስተያዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። ምልክቱ ያመለከተው ወደ ደቡባዊው ቀይ ባሕር፣ ይበልጡንም ወደ ኤርትራና ኢትዮጵያ ነበር።

እንግዲህ አሁን ከመቀመጫችሁ ተነስታችሁ ማጨብጨብ ስትጀምሩ ይታየኛል። ቆይ! በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ የመን የሚባል ወሰን አልነበረም። ድንጋዩን ማን ተሸክሞ እንዳወረደው የጻፈ የለም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከፊሉም በጀልባ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። የንጉሥ ስጦታ ወይም የጦር ምርኮ ለማድረግ መቸኮል የለብንም። እውነቱ ብቻውን ይበቃል፤ አንድ ሰው ከእኛ አካባቢ ድንጋይ አነሳ፣ ድንጋዩ አቢዶስ ደረሰ፣ ለገዢ መቃብር የሚመጥን ዕቃ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ራሳቸው ግብጻውያኑ ጽፈውታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነገሠው ሳሁሬ ከፑንት ምድር 80,000 መስፈሪያ ከርቤ እንዳስመጣ «የፓሌርሞ ድንጋይ» በተባለው ጽሑፍ ላይ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች በግብጽ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ መርሳ ጋዋሲስ በሚባል ቦታ፣ ወደ ፑንት የሚሄዱ መርከቦች ወደብ ቆፍረው አወጡ። አራት ሺህ ዓመት ገደማ የሞላው የመርከብ ገመድ በዋሻ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነበር፤ የዕቃ ሣጥን ላይ «የፑንት ድንቅ ነገሮች» የሚል ጽሑፍ ተገኘ፤ ባልጩትም ነበረበት። እነዚሁ ሁለት ሰዎች ከዚያ ቀደም አክሱም ቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ ለዓመታት የቆፈሩ ናቸው። የመንገዱን ሁለቱንም ጫፍ በእጃቸው ዳስሰዋል ማለት ይቻላል።

ዝንጀሮውንም መርሳት አይገባም። በርሊን ሙዚየም ውስጥ መቀመጫው ላይ የንጉሥ ናርመር ስም የተቀረጸበት የአልባስጥሮስ ዝንጀሮ አለ፤ አምስት ሺህ ዓመት አልፎታል። ግብጻውያን ዝንጀሮን አምላክ እስከማድረግ የደረሱ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ በኋላ ዘመን ካደረቋቸው ዝንጀሮዎች ጥቂቱ በዘረመልና በኬሚካል ምርመራ የመጡበት ቦታ ተለይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ወደ አዱሊስ አካባቢ ጠቁሟል። የእኛ ገበሬ በወንጭፍ ሲያባርረው የሚውለው እንስሳ እዚያ በበፍታ ተገንዞ ተቀበረ። ወይ ጉድ!

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከዓለም ባንክ ወደ አየር ጤና ወርዶ፣ የዓለም ገናን መንገድ ይዞ፣ በቡታጅራ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ቦታ ስሙ ራሱ ባልጪት ነው፤ መሬቱ በጥቁር ስባሪ ተሸፍኗል። የአቢዶሱ ሳህን ድንጋይ የባልጪት ነው አላልኩም፤ ምርመራው የሚጠቁመው ወደ ባሕሩ አካባቢ ነውና። ግን ድንጋዩ ያው ዓይነት ነው፣ ሙያውም እዚህ እጅግ ያረጀ ነው። መልካ ቁንጡሬ ላይ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው አንድ ስፍራ ከተገኙት 578 የድንጋይ መሣሪያዎች ከሦስቱ በቀር ሁሉም የባልጩት ናቸው። ሁለቱ ቦታዎች በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ይህ ሙያ ግን ቅርስ ብቻ አይደለም፤ ሠራተኞቹም ነበሩት፣ አሉትም። በጉራጌ፣ በሃዲያ፣ በወላይታ ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች ባልጩት ሰብረው፣ ከእንጨት እጀታ ጋር በሙጫ አጣብቀው ሲሠሩ አጥኚዎች በሃያኛው መቶ ዓመት መዝግበዋቸዋል። ከመላው ዓለም የመጡ አርኪዮሎጂስቶች የድንጋይ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ከእነዚህ ሰዎች እግር ሥር ተቀምጠው ተማሩ። እኛስ? እኛ «ፋቂ» ብለን ሰደብናቸው። ቡዳ አልናቸው፣ ልጃችንን ከለከልናቸው፣ በብዙ ቦታ መሬትም ነፈግናቸው። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ አዋጁን አልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። ዛሬም ቢሆን የታክሲ ረዳትና ተሳፋሪ ሲጣሉ ከአፍ የሚወጣውን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ።

ፒራሚድ «የእኛ ነው» ለማለት የምንቸኩለውን ያህል፣ የአቢዶስ ገዢ መቃብሩ ውስጥ ይዞት የገባውን ድንጋይ ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ሰው «የእኛ ነው» ለማለት አልቸኮልንም። ያ ሰው ቆዳውን ወጥሮ ይፍቃል። ባልጩቱ ሲዶለዱም ጠርዙን ጠርቦ እንደገና ያሰላዋል። ጨርሶ ሲያልቅበትም ስባሪውን የትም አይበትነውም፤ ልጆችና ከብቶች እንዳይረግጡት ሰብስቦ ራቅ ካለ ቦታ ይጥለዋል።