በስልክ የተዘጋ በር

ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የግል ክሊኒክ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የክሊኒኩ ብቻ አይደለም። ሁለት በር ነበረው። አንዱ ወደ አስፋልቱ ያወጣል፣ ሌላው ከላቦራቶሪው ጎን አልፎ ወደ ጓሮ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የጓሮው በር በጓጉንቸር ተቆለፈና «ለጊዜው ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። በ2016 ክረምት ስሄድ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ እዚያው ነበር። እንዲዘጋ የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በስልክ።

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ታሪክ ጻፍልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዶርምና ስለ ካፌ ነበር። እሱን ሌሎቹ ከእኔ አሳምረው ይጽፉታል። እኛ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጤና የተማርነው ግን አብዛኛው ዕድሜያችን የሚያልፈው እንደዚህ ክሊኒክ ባሉ ቤቶች ውስጥ ነው፤ አንዳችን ሐኪም፣ አንዳችን ነርስ፣ አንዳችን ባለቤት፣ እኔ ደግሞ ቼክሊስት ይዤ የምዞር ተቆጣጣሪ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ነው።

ቼክሊስቱ ራሱ ያን ያህል የቆየ አይደለም። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። በ2004 ለየጤና ተቋሙ ደረጃ ዝቅተኛው መስፈርት ወጣ፤ ከሆስፒታል እስከ ክሊኒክ እያንዳንዱ የራሱ ነበረው። ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 299 ደግሞ በ2006 ተከተለ። መስፈርቱ አራት ነገር ይጠይቃል፦ አሠራር፣ ሕንፃና ግቢ፣ ባለሙያ፣ መድኃኒትና መሣሪያ። ባለሙያና መድኃኒት ሲጎድል ሁሉም ሰው ይጮኻል። ሕንፃውን ግን ማንም አያየውም፤ የክሊኒክ ባለቤቶችም «እናንተ ደግሞ የበር ስፋት ትለካላችሁ» እያሉ ይስቁብን ነበር። እኛም ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራችን ማስለመድ ነበር ማለት ይቻላል። ደሴ ላይ አብዛኛው ክሊኒክ ለመኖሪያ ወይም ለሱቅ ተብሎ የተሠራ ቤት የተከራየ ነው፤ ሁለተኛ መውጫ ማስከፈት ከአከራይ ጋር መጣላት ነው። ያ የጓሮ በር የተከፈተው ከሁለት ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ ነበር።

በ2011 አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣና ሥራው ተከፈለ። ምግብና መድኃኒት ወደ አዲሱ ባለሥልጣን ሄደ፣ የጤና ተቋማትና የባለሙያዎች ቁጥጥር ጤና ሚኒስቴር ዘንድ ቀረ። ወረርሽኙ የመጣው ይህ ክፍፍል ገና ሳይደላደል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ወረርሽኝ ብሎ ያወጀው መጋቢት 2፣ 2012 ነው። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ወዲያውም በአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ዶርሞች ለለይቶ ማቆያ ይዘጋጁ ጀመር። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ታወጀ፣ ለአምስት ወር። ያኔ ምርመራ የሚካሄደው አዲስ አበባ ብቻ ስለነበር ናሙና ከዚህ ተጭኖ ውጤት እስኪመለስ ይጠበቅ ነበር፤ ኋላ ነው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍ እዚሁ መመርመር የጀመረው። የፍርሃቱን መጠን አሁን ለማስረዳት ይከብዳል። ኮምቦልቻ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው መኪና ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ሾፌር ያደረበት ፔንሲዮን በሩቁ የሚታለፍበት ጊዜ ነበር።

ለሕክምናው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተመረጠ። የታሪክ ተማሪ ቦሩ ሜዳን የሚያውቀው በ1870 ዓ.ም. በተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ እኛ የጤናዎቹ ግን በሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ኋላም መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ሕክምና። ምርጫው ጥሩ ነበር። ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ባለሙያዎቹም ተላላፊ በሽታ ያለበትን ሰው ሳይሸሹ ማከም የለመዱ ናቸው።

ችግሩ ሌላው ቦታ ነበር። በየክሊኒኩና በየጤና ጣቢያው ቁጥጥር ማለት በአንድ ጀምበር ማስክ፣ እጅ መታጠቢያ፣ ርቀትና የሙቀት መለኪያ ብቻ ሆነ። መደበኛው ጉብኝት ቆመ። ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ የደረሰባቸው «በያዛችሁት ቀጥሉ» ተባሉ። ማቆያ ክፍል ስላልነበረ ኮሪደር በቺፕውድና በሸራ ተከፈለ። ታማሚ ሁሉ ሙቀቱ ሳይለካ እንዳይገባ አንድ መግቢያ ብቻ ይኑር ተባለ፤ አንድ መግቢያ እንዲኖር ደግሞ ሌላው በር መዘጋት አለበት። የክሊኒኩ ባለቤት ሲደውሉልኝ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሁለት ዘበኛ የለኝም፣ ሙቀት መለኪያዬም አንድ ነው አሉ። «ዝጉት ጋሼ፣ ለጊዜው ነው» አልኳቸው። ዛሬም ቢሆን ያኔ የተናገርኩት ስህተት ነበር አልልም። በዚያ ሳምንት ከእሳት ይልቅ ሳል ነበር የሚያስፈራው። ስህተቱ ይህን ቃል በወረቀት አለማስፈሬ ነው። እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገርኩም፣ በምትኩም ምን እንደሚደረግ አላዘዝኩም። ቢያንስ «ቁልፉ በሩ አጠገብ ይንጠልጠል» ማለት እችል ነበር።

በዚያው ሰሞን በሐረጎ ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ፣ የሳኒታይዘር ጉዳይ ነበር። ከገበያ ስለጠፋ ሁሉም በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር መቀመም ይዞ ነበር። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሮል፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ቀመሩን ሁሉም በስልኩ ይዞታል። ከዚያው ሰነድ ውስጥ ማንም ያልያዘው ሌላ ነገር አለ። 80 በመቶ ኢታኖል እሳት ሊይዝ የሚችል ተን መስጠት የሚጀምረው 17.5 ዲግሪ ላይ ነው፤ ስለዚህም በአንድ ቦታ ከ50 ሊትር በላይ እንዳይዘጋጅ ሰነዱ ያሳስባል። 17.5 ዲግሪ ማለት ለኮምቦልቻ የጠዋት ብርድ ነው። የሄድኩበት ቤት ጀሪካኖቹን ደረጃ ሥር ደርድሯቸዋል፤ ቆጥሬ አሥራ አንድ ላይ ተውኩት። ከጎናቸው ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ነበር። እሱን እንኳ ወዲያው አስወጣሁ። ጀሪካኖቹን ግን የት ይውሰዷቸው? መጋዘን ተከራዩ ብዬ ማዘዝ አልቻልኩም፤ ውሰዱት ብልም በማግስቱ ነርሶቹ እጃቸውን የሚያጸዱበት ያጣሉ። «መስኮቱን ክፈቱ» ብዬ ወጣሁ። ይኸም አልተጻፈም።

ሌላው ዓለምም አላልቶ ነበር፤ ይህን መናገር ራሴን ለማጽናናት አይደለም። አሜሪካኖቹ የሜዲኬርና ሜዲኬይድ ማዕከላቸው በኩል ለሆስፒታሎች ያላሉትን ነገር ዝርዝር ሳነብ ገርሞኛል፤ የእኛው ዝርዝር ነው። በአልኮል የሚሠራ የእጅ ማጽጃ የት እንደሚሰቀል የሚያዘው የእሳት ደንብ፣ የእሳት አደጋ ልምምድ፣ በታማሚዎች መሐል የሚቆም ጊዜያዊ ግድግዳ። ልዩነቱ እያንዳንዱ ተጽፎ መውጣቱና ከጤና አደጋው አዋጅ ጋር መታሰሩ ነው። አዋጁ ግንቦት 3፣ 2015 ሲያበቃ እነዚያ የእሳት ደንቦችም አብረው ተመለሱ። ልምምዱ ሲቀር እንኳ በምትኩ ሠራተኛው ስለ መውጫውና ስለ ኃላፊነቱ ተምሮ ተመዝግቦ መገኘት ነበረበት። ነገሩ ሲከፋ የሚያሳየው ደግሞ ባግዳድ ነው። ሚያዝያ 16፣ 2013 በኢብን አል ኸቲብ ሆስፒታል የኮቪድ ታማሚዎች በተኙበት የኦክስጅን ሲሊንደር ፈንድቶ ከ80 ሰው በላይ ሞተ። ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ ያ የጓሮ በር ትዝ አለኝ። አንድ ዓመት አልፎት ነበር። ነገ እደውላለሁ አልኩና ሳልደውል ቀረሁ።

የእኛ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አምስት ወሩን ጨርሶ ሲያበቃ በመመሪያ ቁጥር 30/2013 ተተካ። ማስክ፣ ርቀት፣ መሰብሰብ፤ ይህ ሁሉ እዚያ ተጽፏል። እኛ በቃል ያላላነው ነገር ግን የትም ስላልተጻፈ የሚያበቃበት ቀን አልነበረውም። ቢሆንም በ2014 መጀመሪያ መደበኛ ጉብኝት እንጀምር ተባለ፤ እኔም የድሮ መዝገቦቼን አውጥቼ በር በር የሚለውን ማስመር ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 ማብቂያ ገደማ የህወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ከተሞቹ በመንግሥት እጅ የተመለሱት በኅዳር መጨረሻ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የጤና ተቋማት ምን እንደሆኑ እዚህ ለነበረ አይነገረውም፤ የዩኒቨርሲቲያችን ግቢም ከዘረፋውና ከጥፋቱ አልተረፈም። ደሴ ሆስፒታሏ ሲመታ የመጀመሪያዋ አይደለም። ኅዳር 26፣ 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ያሉባትን ከተማ ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመትቷል። ሰማንያ ስድስት ዓመት አልፎ፣ ያውም በዚያው በኅዳር ወር፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል የተሰበረ ማይክሮስኮፕ እየተሻገርኩ ስሄድ ይህን ሳስብ ነበር።

ወደ ቢሮ ስመለስ መደርደሪያው ባዶ ነው። የየተቋሙ ፋይል፣ የሕንፃ ንድፍ፣ የቀድሞ ጉብኝት ሪፖርት፣ ሁሉም ሄዷል። መስፈርቱ አዲስ አበባ ታትሞ ስላለ ማግኘት ይቻላል። የትኛው ክሊኒክ መቼ ስንት በር እንደነበረው ግን አዲስ አበባ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማን ስለ በር ያወራል? አልጋ የለም፣ ጓንት የለም፣ መስኮት የለም። አንድ ተቋም ተከፈተ ሲባል እልል ነው። እኔ ራሴ በዚያ ክረምት ከፈረምኳቸው ጊዜያዊ ፈቃዶች መካከል መስፈርቱን ያሟላ ሕንፃ አላስታውስም። በወረርሽኙ ላይ የተጨመረ ሌላ ማላላት ነበር፤ የታችኛውም እንዳለ ተቀበረ። በ2014 ሥራ የጀመረ አዲስ ተቆጣጣሪ በሄደበት ሁሉ ያየው አንድ በር ያለው ክሊኒክ ስለሆነ፣ ክሊኒክ ማለት ባለ አንድ በር ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

ግንቦት 2016 ላይ እዚያው ክሊኒክ የምትሠራ የባቻችን ነርስ ደወለችልኝ። የአውቶክሌቩ ገመድ ተቃጥሎ ኮሪደሩ ጢስ ብቻ ሆኖ ነበር አለች። የተጀመረው ከዋናው በር በኩል ስለነበር ሰው ወደ ጓሮ ሮጠ። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፤ ዘበኛው ጁምዓ ሄዷል። አንዲት ልጅ ያዘለች እናት በሩን በእጇ ስትደበድበው ነርሷ ጎትታ መልሳ፣ ሁሉም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው በጢሱ ውስጥ ወደ አስፋልቱ ወጡ። ሰው አልሞተም። ሕፃኑ ሁለት ቀን ሳል ያዘው።

«አንተ ነህ አሉ ያዘጋኸው» አለችኝ።

«ማን ነው ያለው?»

«ጋሼ ናቸው። ደግሞ ተቆጥተው እንዳይመስልህ፤ እሱ ስላለ እኮ ነው ብለው ነው የነገሩን።»

ክረምት ሲገባ ሄድኩ። ባለቤቱ ሸምግለዋል፤ ቡና አስፈልተው ተቀበሉኝ። በሩ ይከፈት ስላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከበሩ ጀርባ ያለውን ጓሮ አከራያቸው በቆርቆሮ ከልሎ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል፤ አራት ዓመት የተዘጋ በር ለማን ይቆያል? እሳቸውም ከውስጥ በኩል የካርድ መደርደሪያ አስደግፈውበታል።

«ልክ ነህ ልጄ፣ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። «ግን ያ ሰውዬ በአፍ አይሰማኝም። መንግሥት አዞኛል ብዬ የማሳየው ደብዳቤ አምጣልኝ።»

«ሲዘጋ እኮ ደብዳቤ አልጠየቁኝም ጋሼ።»

«ለመዝጋትማ ማን ደብዳቤ ይጠይቃል?»

በማግስቱ ጻፍኩላቸው፤ ቁጥርና ቀን ያለው፣ የመስፈርቱን አንቀጽ የጠቀሰ፣ የሠላሳ ቀን ገደብ ያለው። በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ በሩ በሚያዝያ 2012 በእኔ የቃል ፈቃድ መዘጋቱን አሰፈርኩ። ኃላፊዬ አንብቦ «ይሄን ምን አመጣው፣ አውጣው» አለኝ። አላወጣሁትም፤ እሱም ጥቂት አጉረምርሞ ፈረመ። ከአከራዩ ጋር የነበረው ክርክር ሠላሳውን ቀን አልፎ እስከ ጥቅምት 2017 ተጎተተ። በመጨረሻ ቆርቆሮው ተነስቶ መደርደሪያው ሲገፋ ቁልፉ ጓጉንቸሩ ውስጥ አልዞር አለ፤ በአምስት ክረምት ዝናብ ዝጓል። ከጎረቤት ጋራዥ መጋዝ ተውሰን ቆረጥነው።