አንቀጽ በር ነበር

በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ለሠራ ሰው ድር ክር ነው። በቁመት ተወጥሮ የሚቆየው ድር፣ በአግድም እየተመላለሰ የሚያቋርጠው ማግ ይባላል፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያ የሚያመላልሰው ሸማኔም የሚጠራቸው በእነዚሁ ስሞች ነው። ሸረሪት የምታደራውም ድር ነው። ኢንተርኔት ሲመጣ ይኸው ቃል ከገጽ ጋር ተጣመረና ድረ ገጽ ተባለ።

ጥምረቱን ግን ልብ ብሎ ማየት ይገባል። በግእዝ አያያዝ ዋናው ስም ይቀድማል፣ ዘርፉ ይከተላል፤ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ቤት፣ መዝገበ ቃላት የቃላት መዝገብ ነው። ስለዚህ ድረ ገጽ ማለት የገጾች ድር ማለት ነው እንጂ በድሩ ላይ ያለች አንዲት ገጽ ማለት አይደለም። ለአንዲቷ ገጽ የሚስማማው ገጸ ድር ነው፤ እንዲህ ብለው የሚጽፉም አሉ። ሁለቱን ለይተን ብንይዛቸው ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ድረ ገጽ ሙሉው ሥራ፣ ገጸ ድር የሥራው አንድ ክፍል ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው አምሮ ይሠራል፣ ገጽን ከገጽ የሚያያይዘው ድር ግን ሳይታሰብበት ይቀራል።

ለዚህ ማያያዝ ስም ካወጡለት መካከል የሥነ ሕንጻ ሰዎች ይገኙበታል። በ1976 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሥነ ሕንጻ ባለሙያዎች ማኅበር ጉባኤውን በፊላደልፊያ ሲያካሂድ፣ የጉባኤው ሊቀ መንበር ሪቻርድ ሶል ዉርማን ርእሱን የመረጃ ሥነ ሕንጻ አለው። ስሙ በአማርኛ ሲነገር ከመነሻው የበለጠ ያስተምራል ባይ ነኝ። ሕንጻ ከግእዙ ሐነጸ የመጣ ነው፤ ገነባ ማለት ነው። መረጃ ደግሞ ከተረዳና ከአስረዳ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሰው ነገሩን የሚረዳበት ማለት ነው። እንግዲያው በስልክ ላይ ተደርድሮ ሰው ያልተረዳው ነገር፣ በቃሉ ፍቺ ከሄድን፣ ገና መረጃ አልሆነም።

የእኛ መጽሐፍ ሕንጻ ከሆነ ቆይቷል። ገጽ ፊት ነው፤ ገጽ ለገጽ የምንለው ለዚህ ነው። ዓምድ ምሰሶ ነው፤ የብራናው ጽሑፍ በዓምድ በዓምድ ተከፍሎ ይጻፋል፣ ጋዜጣውም ቃሉን እንዳለ ወረሰ። ምዕራፍ ከዐረፈ ይወጣል፤ መንገደኛ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ማኅደር ከኀደረ ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። ማኅደረ ማርያም የሚለውን የቦታ ስም ያስታውሱ። ቀጥሎ መጽሐፉ የሚያድርበት የቆዳ ቤት ማኅደር ተባለ፣ ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር ላይ ፋይል የምናስቀምጥበት ሆነ። መዝገብም በግእዝ ሀብት የሚከማችበት ግምጃ ቤት ነበር፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ የምናገኘው በዚህ ፍቺው ነው። ራስጌና ግርጌ እንኳ የአልጋ ናቸው፤ የግርጌ ማስታወሻ ስንል ገጹን አስተኝተን ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ አንቀጽ ነው። በግእዝ አንቀጽ በር ነው፤ አንቀጸ ብርሃን የብርሃን በር ማለት ነው። ዐረብኛም ባብ በሚል አንድ ቃል በርንም የመጽሐፍ ክፍልንም ይጠራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች አሉት ስንል፣ በጥንቱ ፍቺ 106 በሮች አሉት ማለታችን ነው። በር ደግሞ በቀጥታ ይገባበታል፤ አንቀጽ 39ን የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ አይጠበቅበትም።

አድዋ አጠገብ በሚገኘው አባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌላት ያየ ሰው ይህ በቃል ብቻ እንዳልቀረ ይረዳል። በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተዘጋጁ የተገመቱት እነዚህ ብራናዎች መግቢያቸው ላይ የአውሳብዮስ ቀመር አለባቸው። የቂሳርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቁጥር ከፋፍሎ ተመሳሳዮቹን በ10 ሰንጠረዦች አገናኘ። ማቴዎስን የሚያነብ ሰው በኅዳጉ ያለውን ቁጥር ይዞ ወደ ሰንጠረዡ ይመለሳል፣ በአግድም ያነባል፣ ያው ታሪክ ማርቆስና ሉቃስ ላይ የት እንዳለ ያገኛል። ዛሬ በጣታችን ነክተን ከገጽ ወደ ገጽ የምንዘለው ዝላይ ይኸው ነው። ሠዓሊውም ቁጥሮቹን ባዶ ሜዳ ላይ አልተዋቸውም፤ ባጌጡ ዓምዶችና ቅስቶች ሥር አሰፈራቸው። አንባቢው ወደ ቃሉ የሚገባው በበር ነው።

አሁን ከብራናው ወደ ዛሬው ሥራ፣ ወደ ቃሊቲ እንለፍ። ቃሊቲ ጉምሩክ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ዲክላራሲዮን ይዞ ከመስኮት መስኮት መሄድን ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት የየመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ አንድ ቦታ ሲያሰባስብ አንድ መስኮት ተባለ። ስያሜው ተገልጋዩ በእግሩ ከሚያውቀው ነገር የተነሣ በመሆኑ ደግ ስያሜ ነው። መስኮቱ ሲከፈት ግን ውስጡ እንዴት ይደርደር የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ለዚህም አማርኛ ሁለት ቃላት አሉት።

ማውጫ ከአወጣ የተገኘ ነው፤ እንዳለ የሚያውቁትን ነገር ያወጡበታል። የስልክ ማውጫ የሚገልጥ ሰው የሚፈልገውን ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ምናሌ ግን ምግብ ቤት ውስጥ ሜኑ የምንለውን እያስተጋባ በውስጡ ‘ምን አለ’ የሚል ጥያቄ ይሰማበታል፤ ምን እንደሚፈልግ ገና ያልወሰነ ሰው ቃል ነው። የሃያ ዓመት ትራንዚተር ማውጫ ይበቃዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ማሽን ያስመጣ የአቃቂ ባለ ወርክሾፕ ግን ምናሌ ያስፈልገዋል። የሰነዱን ስም የማያውቅን ሰው በሰነድ ስም በተደረደረ ዝርዝር ፊት ማቆም በደል ነው፤ በትሕትና ‘እባክዎ ይምረጡ’ ስለተባለም አይቀልለትም።

የአደራደርን ነገር ካነሣን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ይጠቀሳል። በ1948 ዓ.ም. የታተመው ይህ ሥራ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው የተሰደረው፤ ቃላቱም በሥራቸው ተሰብስበዋል። ምዕራፍን የሚሻ ሰው ‘መ’ ላይ አያገኘውም፤ ዐረፈ ዘንድ መሄድ አለበት። ሥርወ ቃል ለሚያጠና ይህ ሀብት ነው፤ ዘመድ ከዘመዱ ጋር ይቀመጣል። ግስ ላልቀጸለ ግን በሩ ዝግ ነው።

ኮምፒውተር ደግሞ ሌላ ሥርዓት አመጣ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ቁጥር ተሰጠው። በዚህ ቁጥር ብቻ የሚደረድር ፕሮግራም ሀይሉን፣ ሐይሉንና ኀይሉን ሦስት ቦታ ይበትናቸዋል። ፊደላቱን እናጥፋቸው ማለቴ አይደለም፤ ሠዐለ የሥዕል፣ ሰአለ የልመና መሆኑን የሚነግሩን እነርሱ ናቸው፤ ማኅደርንም ከኀደረ ጋር ያቆየልን ያ ‘ኀ’ ነው። የሚጻፈው በሥሩ ይጻፍ። የመፈለጊያው ሣጥን ግን ማህደር ወይም ማሕደር ብሎ ለሚጽፍለት ሁሉ ማኅደርን ማምጣት አለበት፤ ይህንንም የሚያደርገው ሠሪው አስቀድሞ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጥር ካዘዘው ብቻ ነው።