የፎገራ ሜዳ ባላገርና የክረምቱ ውሃ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፥ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ አፈር ይዘው እየወረዱ ያደላደሉት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዓመት በአሞሌ ጨው ንግድ የታወቀው የይፋግ ገበያ የቆመው በዚህ ሜዳ መካከል ሳይሆን በዳሩ፥ ምድሩ ወደ ኰረብታ መነሣት በሚጀምርበት ቦታ ነበር። የሜዳው ኑሮ ሁሉ ከዚህ ዳገት ጋር የተያያዘ ነበር።

ወንዞቹ በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው ከአፋፋቸው ይወጣሉ። ሐይቁ ግን ከሙላቱ ጫፍ የሚደርሰው ዘግይቶ፥ በመስከረም ነው። ስለዚህ ወደ ሐይቁ ሊወርድ የሚገባው ውሃ በሐይቁ ሙላት ታግዶ፥ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ በሜዳው ላይ ተኝቶ ይቈያል። ቤትን ይበልጥ የሚጎዳውም ይህ የውሃው መተኛት ነው፤ የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ ይርሳል፥ ምሰሶው ይበሰብሳል፥ እህሉ ይሻግታል።

ባላገሩ ይህን ስለሚያውቅ ዝግጅቱ የሚጀምረው ጎጆው ሲቀለስ ነው። ለቤት ጉብታ ይመረጣል፤ ጎተራው ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ክረምት ሲገባ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይማሳል። ዋናው ጉዳይ ግን የከብቱ ነበር። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም በበጋ በሜዳው ስትግጥ ቈይታ በክረምት ወደ ዳገቱ ትወጣለች። ይህም ከዳገቱ ሰው ጋር በጋብቻ ወይም በአበልጅነት መዛመድን ይጠይቃል፤ በዳገት ዘመድ የሌለው ሰው መሸሻው የጠበበ ነበር።

ውሃው ቤት ሲገባ ዘሩና የዕለት እህሉ ወደ ቆጥ ይወጣል። ውሃው ሲሸሽም ግድግዳው በደቦ እንደገና ይመረጋል፤ በቀረው ርጥበት ላይ ሽንብራና ጓያ ይዘራል። የጎርፉ ዓመት እንዲህ ለበጋው አዝመራ መነሻ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ከውሃው በኋላ ወባ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. የገባው የሩዝ እርሻ ይህን ሥርዐት ለወጠው። ሩዝ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ስለሚወድ፥ ቀድሞ በክረምት ለውሃ፥ በበጋ ለከብት የተተወው ግጦሽ ታረሰ። ወረታ የሩዝ መፈተጊያና መሸጫ ከተማ ሆነች፤ ከብቱ እያነሰ ሄደ፤ ሰውም ወደ እርሻው ቀርቦ ቤት ሠራ። ደጋውም እየተራቈተ በመሄዱ የሚወርደው ደለል የወንዞቹን ወለል ከፍ አደረገው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ርብና ጉማራ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፥ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ።

በዚያ ዓመት የደረሰው ጉዳት ከዝናቡ ብርታት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ውሃው ይተኛበት በነበረው ቦታ ቤትና አዝመራ ስለ ቆሙበትም ነው። በርብ ራስጌ የተሠራው ግድብና በወንዞቹ ዳር የተከመረው የአፈር ክትር ሙላቱን ሊያቀልሉት ይችላሉ። ነገር ግን የሜዳው ሰው ከዳገቱ ዘመዱ ጋር የነበረውን የመሸሻ ውል አይተኩም፤ ይህም ውል ከከብቱ ጋር አብሮ እየቀረ ነው።