ውርጭ የመታውን የሎሚ ተክል በቤት ውስጥ መልሶ ማዳን

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ባሉት ሳምንታት በደባርቅ፣ በዳባትና በወገራ ከፍተኛ ቦታዎች ማልዶ የሚነሣ ሰው ሣሩ ነጭ አመዳይ ለብሶ የሚያገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በእንዲህ ያለ ሌሊት በቆርቆሮ፣ በባልዲ ወይም በሸክላ ዕቃ ተተክሎ ከደጅ ያደረ የሎሚ፣ የብርቱካን ወይም የመንደሪን ተክል ቅጠሉ ውኃ የነካው ወረቀት መስሎ ይጠወልጋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ይጠቁራል። ለዓመታት የተደከመበትን ተክል በዚህ ሁኔታ ያየ ባለቤት ወዲያውኑ የሚያስበው የጠቆረውን መቁረጥና ውኃ ማጠጣት ነው። ይሁን እንጂ ከውርጭ የተረፉ በርካታ ተክሎች የሚሞቱት በእነዚሁ ሁለት ተግባራት ምክንያት ነው።

የጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። የአገሬው ገበሬ የአየር ንብረትን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብሎ ከከፈለ በኋላ ከሁሉ በላይ ያለውን ውርጭ ብሎ መጥራቱ ያለ ነገር አይደለም። የሎሚና የብርቱካን ተፈጥሯዊ ስፍራ ቆላውና ወይና ደጋው ነው። በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተንጣለለው የጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ በጎርጎራና በዘጌ አካባቢ፣ ሐይቁ ራሱ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝባል። በጎንደር ከተማም ቢሆን ውርጭ እምብዛም አይታይም፤ ቀዝቃዛ አየር ከኮረብታው ወርዶ በሚጠራቀምባቸው ዝቅተኛ ቦታዎች ግን አደጋው ከሌላው ስፍራ ይበልጣል።

በደጋው ውርጭን የሚያመጣው በአብዛኛው ነፋስ ሳይሆን የሰማዩ መጥራት ነው። ደመና በሌለበትና ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት ምድርና ቅጠል ቀን ያከማቹትን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃሉ፤ በዚህም ሳቢያ ቅጠሉ በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ሕዋሳቱን ይሰብራል፣ ያደርቃልም። ለዚህ ነው ሁለት ተመሳሳይ ተክሎች በአንድ ግቢ አድረው ሜዳ ላይ የነበረው ሲጠቁር በጣሪያ ክፈፍ ሥር የነበረው የሚተርፈው።

ከዚህ ቤተሰብ ተክሎች መካከል ቅዝቃዜን ፈጽሞ የማይችሉት በአገራችን የተለመደው ትንሹ ሎሚና ትርንጎ ናቸው። ብርቱካን ከእነርሱ ይሻላል፤ መንደሪን ደግሞ ከብርቱካን የበለጠ ይቋቋማል። በሌላ በኩል እነዚህ ተክሎች ለብርድ የሚዘጋጁት ቀኑም ሌሊቱም ለሳምንታት ቀዝቅዞ ሲቆይ ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ ግን በበጋው ወራት ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቀኑ በፀሐይ ይሞቃል፤ ተክሉም እድገቱን ሳያቆም ለጋ ቀንበጥ እያወጣ ይቆያል። ስለሆነም ሌላ አገር ብዙም ጉዳት የማያደርስ ቅዝቃዜ በዚህ ሥፍራ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ወቅቱም የከፋ ነው። በጥምቀት በዓል ጎረምሳ ለወደዳት ልጃገረድ ሎሚ መወርወሩ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ጥር 11 ቀን የሚውለው ይኸው በዓል የሚደርሰው ውርጩ ገና ሳያበቃ ነው።

ጉዳቱ በታየበት ማለዳ የመጀመሪያው ተግባር ተክሉን ከነዕቃው ወደ ቤት ማስገባት ነው። ሆኖም በምድጃ አጠገብ ወይም የቀትር ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ማስቀመጥ አይገባም። የቀዘቀዘው ተክል ቀስ በቀስ መላቀቅ ስለሚኖርበት ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ጥላ ባለበት ክፍል ቢቆይ ይመረጣል። ዕቃውን በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ወለል ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ በጣውላ ወይም በጡብ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በተለይ እንደ ጎንደር አካባቢው የወለቃ ሸክላ ያለ ያልተለበጠ ዕቃ በግድግዳው በኩል ውኃ ስለሚያተን ሥሩን ከቆርቆሮ ይልቅ ያቀዘቅዘዋል፤ በአንጻሩ ግን አፈሩን ቶሎ ስለሚያደርቅ የመበስበስን አደጋ ይቀንሳል።

ሁለተኛውና ብዙ ስሕተት የሚፈጸምበት ጉዳይ ውኃ ነው። የሎሚና የብርቱካን ሥር የአፈሩ ሙቀት ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ ሥራውን ሊያቆም ይቃረባል። ቅጠሉ የረገፈ ተክል ደግሞ ውኃ የሚያተንበት አካል የለውም። በዚህ ሁኔታ በየቀኑ የሚፈስለት ውኃ በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሳል። ባለቤቱም ተክሉ የደረቀው በውኃ ጥም መስሎት ይጨምርለታል። ትክክለኛው መንገድ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ አስገብቶ መፈተሽና ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ለብ ያለ ውኃ መስጠት ነው፤ ይህም በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል። የዕቃው ሥር ቀዳዳ ከሌለው መብሳት ግድ ነው። አፈሩ መጥፎ ሽታ ካለው ተክሉን አውጥቶ የጠቆረውንና የላላውን ሥር በንጹሕ ቢላ ቆርጦ በአዲስ አፈር መትከል ይቻላል፤ ክረምት እስኪደርስ ከተጠበቀ ግን ጊዜው ያልፍበታል።

ቅጠሉ ከጠቆረ በኋላ መርገፉ ባለቤቱን የሚያሳዝን ቢሆንም መልካም ምልክት ነው። ተክሉ ቅጠሉን መጣል የሚችለው ቅርንጫፉ በሕይወት ካለ ብቻ ነው። ደርቆ እንደተንጠለጠለ የቀረ ቅጠል ግን በአብዛኛው የያዘው ቀንበጥ መሞቱን ያሳያል። ለማረጋገጥ በጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ ልጡን ጥቂት መፋቅ ይበቃል፤ ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ግን ሞቷል። ፍተሻውን ከጫፍ ጀምሮ ወደ ግንዱ እየወረዱ ማድረግ ይገባል። ጉዳቱ ለሳምንታት ወደ ታች መውረዱን ሊቀጥል ስለሚችል ዛሬ አረንጓዴ የታየው ነገ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ መቀሱ አዲስ ቀንበጥ እስኪወጣ፣ ማለትም በአካባቢው ሙቀት በሚጨምርበት እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ መቆየት አለበት። እስከዚያው ከዛፉ ላይ ሊነሣ የሚገባው በውርጭ የተመታ ፍሬ ብቻ ነው፤ ተክሉን ከማድከም በስተቀር አይጠቅመውም።

ለተጎዳ ተክል የሚስማማው ሞቃት ክፍል ሳይሆን ብርሃን ያለው ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በፈረንሳይ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1684 እስከ 1686 የተሠራው የብርቱካን ማቆያ ሕንፃ ነው፤ ዘመኑ በጎንደር ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ የነገሡበት ነው። በሣጥን የተተከሉት ብርቱካኖች በብርዱ ወራት ወደዚያ ሲገቡ ምንም እሳት አይነድላቸውም፤ ወፍራሙ ግድግዳና ወደ ደቡብ የዞሩት ትላልቅ መስኮቶች ቅዝቃዜው ወደ ውርጭ እንዳይደርስ ይከላከላሉ። በደባርቅም የጭቃው ግድግዳ ወፍራምነት ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ የሚጎድለው ብርሃን ብቻ ስለሆነ ዕቃውን የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ማድረግ ይገባል። ፀሐይ ቅጠሉን አሙቃ ሥሩ እንደቀዘቀዘ ከቀረ ግን ሥሩ ለቅጠሉ ውኃ ማድረስ ስለማይችል የቀረው ቅጠልም ይረግፋል። የዕቃውን ዙሪያ በጆንያ መጠቅለል ይህን ችግር ያቃልላል።

ተክሉን ለማሞቅ ብሎ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ማሳደር ከሁሉ የከፋ ነው። የከሰል ጭስ የያዘው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ የሎሚን ቅጠል የሚያራግፍ ሲሆን፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በክፍሉ የተኙትን ሰዎች ይገድላል።

ማዳበሪያ የሚያስፈልገው አዲሱ ቀንበጥ የጣት ርዝመት ሲያክል ነው። ዩሪያም ሆነ ትኩስ ፍግ ከዚያ በፊት መጨመር የተጎዳውን ሥር ያቃጥላል፤ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ በስሱ ከላይ መነስነስ ለመጀመሪያው ወቅት በቂ ነው። በዚያ ዓመት የሚያወጣው አበባ ቢለቀም ተክሉ ኃይሉን ለቅጠል ያውላል።

ቀንበጡ የሚወጣበትን ቦታ በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል። በአካባቢው የሚገኘው ሎሚ በአብዛኛው ከፍሬው ዘር የበቀለ በመሆኑ ግንዱ እስከ አፈር ድረስ ቢሞት እንኳ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው ያው ሎሚ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ባለቤት ዛፉን ሙሉ በሙሉ መልሶ ሊያገኝ ይችላል። በድቀላ ተዘጋጅቶ የተገዛ ብርቱካን ወይም መንደሪን ግን ከድቀላው በታች የሚያወጣው ቀንበጥ ለሥርነት የተመረጠው ሌላ ዝርያ ነው። በድቀላው በላይ ሕያው ልጥ ካልቀረ የተገዛው ዝርያ ጠፍቷል ማለት ነው።

ተክሉ ወደ ደጅ የሚመለሰው ከሚያዝያ በኋላ ሲሆን፣ ከሳምንት እስከ 10 ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ሳይቆይ ለሙሉ ፀሐይ መጋለጥ የለበትም። ቅጠል ያጣውን ግንድ በቀጠነ ኖራ መቀባት ልጡ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። በሚቀጥለው ኅዳር ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለባቸው ምሽቶች ተክሉን ወደ ቤት ማስገባት፣ ይህ ካልተቻለ ከግድግዳ ማስጠጋት፣ አፈሩን በቀን ማርጠብና ከምሽት ጀምሮ ቅጠሉን በጆንያ ሸፍኖ ጠዋት መግለጥ ያስፈልጋል። ላስቲክ የነካው ቅጠል ጨርሶ ካልተሸፈነው እኩል ስለሚጎዳ ለዚህ ተግባር ላስቲክ አይመረጥም።