ከአውራ ጎዳናው ባሻገር፤ የራያ ቆላ የወንዝ ዳር መንገዶች

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በመኪና የሚጓዝ ሰው በዚህ መንገድ ላይ አላውሃንና ጎሊናን የመሳሰሉትን ወንዞች በየድልድዩ ተሻግሮ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ በድልድዩ ሥር የሚያየው የነጣ አሸዋና የተንከባለለ ድንጋይ ስለ ሆነ፣ ወንዞቹን ከስማቸው በስተቀር ሳያውቃቸው ቆቦ ይደርሳል። ጎዳናው ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲዘረጋ ወንዞቹ የሚወርዱት ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ መኪናው ወንዞቹን ይቆርጣቸዋል እንጂ አይከተላቸውም። የራያ ቆላ ሕዝብ ኑሮና ታሪክ ደግሞ የተሠራው ከሁሉ በፊት በወንዞቹ አቅጣጫ ነው።

የአገሩ አቀማመጥ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በምዕራብ በኩል የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ተደርድረዋል። በመካከል ያለው የቆቦ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ከደጋው ታጥቦ በወረደ ደለል የተሞላ ሰፊ ሸለቆ ነው። አላውሃ፣ ጎሊናና ሆርማት ከምዕራቡ ገደል ወርደው ወደዚህ ሜዳ ይገባሉ። ወንዙ ከተራራው ሲወጣ ቋጥኙን እዚያው ከገደሉ ሥር ይጥላል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ ጠጠሩን፣ ከዚያም አሸዋውን፣ በመጨረሻም ለእርሻ የሚስማማውን ለም ደለል ያነጥፋል። ከውኃው ከፊሉ በሜዳው ውስጥ ሰርጎ የከርሰ ምድር ውኃ ይሆናል፤ ከፊሉ በተራሮቹ መካከል መውጫ አግኝቶ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል።

ይህ አፈሳሰስ ውኃን ብቻ ሳይሆን ሰውንም መንገድ መርቷል። በበጋ የደረቀው የወንዝ ወለል ለእግረኛ፣ ለአህያና ለግመል የተዘጋጀ ጎዳና ነው። ዳገትና ቁልቁለቱ ለዘብ ያለ ነው፤ አሸዋውን ጥቂት ቢጭሩት ለከብት የሚሆን ውኃ የሚገኝበት ቦታ አለ፤ በዳርና ዳር የቆሙት ግራርና ቁርቁራ ጥላ ይሰጣሉ። ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን ይዞ በዚህ ይወርዳል፤ ቆለኛው ማሽላውን ይዞ በዚህ ይወጣል፤ አፋሩም ግመሉንና ቅቤውን ይዞ ከምሥራቅ ይመጣል። ሦስት ዓይነት አየር ንብረትና ሦስት ዓይነት ኑሮ የሚገናኙት በዚህ መሥመር ላይ ነው።

ይሁን እንጂ መንገዱ የራሱ ሕግ አለው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በላስታ ደጋ ላይ ሲወርድ፣ በሜዳው ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ እየወጣ ሳለ ደራሽ ውኃ ድንገት ይመጣል። ስለዚህ ራያ ያደገ ሰው ወደ ወንዝ ከመግባቱ በፊት የሚያየው በራሱ ላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን በስተ ምዕራብ ያለውን ተራራ ነው። ይህ በትምህርት ቤት ያልተጻፈ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው።

ያንኑ አስፈሪ ጎርፍ ወደ ሲሳይ የመለወጡ ጥበብም የዚሁ ዕውቀት ክፍል ነው። ገበሬው ከድንጋይ፣ ከቅርንጫፍና ከአፈር በሠራው ክትር የጎርፉን አንድ ክፍል ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ያስገባዋል፤ ሥራውም ጠለፋ ይባላል። ውኃው በማሳው ላይ ተኝቶ ደለሉን ይጥላል፤ አፈሩም እርጥበቱን ይዞ ይቆያልና ዝናብ ቀድሞ ቢያቆም እንኳ ማሽላው እስከ ፍሬ የሚደርስበት ዕድል ያገኛል። ታላቅ ጎርፍ ክትሩን አፍርሶት ሲሄድ የሠፈሩ ሰው ወጥቶ እንደገና ይሠራዋል። ከላይ ያለው ምን ያህል እንደሚወስድ፣ ከታች ያለው መቼ ተራው እንደሚደርስ መወሰን ስላለበት፣ ጠለፋ የእርሻ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የሽምግልናና የፍርድ ሥርዓትም ነው። ከቦዩ ዳር ያለችው ጠባብ የእግር መንገድም የተፈጠረችው ቦዩን ከሚጠብቁትና ከሚጠግኑት ሰዎች ኮቴ ነው።

የመንገዶቹ ዕድሜ ረዥም ነው። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት በዚህ ቆላና በአካባቢው ዶብዓ የሚባል ሕዝብ ይኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1468 እስከ 1478 የነገሡት የዓፄ በእደ ማርያም ዜና መዋዕል ንጉሡ በዚህ ሕዝብ ላይ ያደረጉትን ዘመቻ ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዓፄ ልብነ ድንግል የተጓዘው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በዶብዓ ጠረፍና በአንጎት አገር አልፎ ያየውን ጽፏል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝቦን ታትሟል። አንጎት ይባል የነበረው አገር ዛሬ ራያ ቆቦና አካባቢው ያሉበትን ምድር ያጠቃልል ነበር። አልቫሬዝ በገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ያየው ጨው የተቆረጠው ከአፋር በረሃ ነው፤ ወደ ደጋ የወጣውም በግመል፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ነው። አሞሌ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት በኢትዮጵያ ገበያ ሲዘዋወር የኖረው እንዲህ ባሉ የቆላና የደጋ መገናኛ ዱካዎች ነበር።

አውራ ጎዳናው ታሪኩን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ከተደረገና አገሪቱ በፋሺስት ኢጣልያ ከተያዘች በኋላ፣ ወራሪው ከአሥመራ በደሴ በኩል እስከ አዲስ አበባ የሚደርስ የመኪና መንገድ ሠራ። መንገዱ የተሠራው ወታደርና ስንቅ ለማመላለስ እንጂ ደገኛን ከቆለኛ ለማገናኘት አልነበረም። ከነፃነት በኋላ ግን ንግዱም፣ አስተዳደሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም በዚሁ መሥመር ዳር ተሰበሰበ። ከጎዳናው የቀረበ ታየ፤ ከጎዳናው የራቀ ተረሳ።

የዚህ መዘዝ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ጊዜ በግልጽ ታየ። የተራበው ሕዝብ ከየሸለቆው ወጥቶ ወደ አውራ ጎዳናው ፈለሰ፤ የሌላው አገር ሰው ረኃቡን ያወቀው በአብዛኛው በመንገድ ዳርና በመንገድ ዳር ከተሞች ባየው መጠን ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በዚያው ዘመን ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ ነበር። ስለዚህ መንገድ መኖሩ ብቻውን ሰውን አያድንም፤ የተሠራው ለማንና ወደ የት ነው የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ዛሬ በሌላው ዓለም አሮጌ የወንዝ ዳር መንገዶች አዲስ አገልግሎት አግኝተዋል። በዳንዩብ ወንዝ ዳር ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱባቸው የነበሩት መንገዶች ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚዘልቀው የብስክሌት መንገድ መሠረት ሆነዋል። በፈረንሳይም የሎዋርን ወንዝ ተከትሎ 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ የብስክሌት መሥመር አለ። ከመኪና ርቆ በነዚህ መንገዶች የሚጓዝ ሰው የሚያገኘው ንጹሕ አየር ብቻ አይደለም፤ ወፍጮውን፣ መንደሩንና አሮጌውን ቤተ መንግሥት በተሠሩበት ቅደም ተከተል እያየ የአገሩን ታሪክ በወንዙ አፈሳሰስ ያነባል።

ለኢትዮጵያም ብስክሌት እንግዳ አይደለም። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በኅዳር 1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞቿ ከሯጮቿ ጎን ተሰልፈዋል። ብስክሌት እንደ እግረኛ ቀርቦ ለማየት፣ እንደ በቅሎም ርቆ ለመሄድ ያስችላል። የቆቦ ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ማሽላው በሚታጨድበት ወራት፣ የቦይ ዳር መንገዶቹ ይደርቃሉ። በአሸዋማው ወለል ላይ ግን ጎማ ይሰምጣልና ብስክሌተኛው ወርዶ መግፋት፣ ከግመል ነጂው ጋርም እኩል መራመድ ግድ ይሆንበታል። ለታሪክ ፈላጊ ይህ ጉዳት አይደለም፤ ወሬ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነውና።

ሆኖም መንገዶቹ ዘላለማዊ አይደሉም። ጎርፍ ዳራቸውን እየናደ ይወስዳቸዋል፤ የከርሰ ምድር ውኃ በሞተር እየተሳበ ማሳ ማጠጣት ሲጀምር የጠለፋው ሥርዓት የሚያስታውሰው ሰው እየቀነሰ ይሄዳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነትም አውራ ጎዳናውን ተከትሎ በቆቦ ላይ ደጋግሞ አልፏል፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። የአንድ መልካ ስም፣ የአንድ ቦይ የተራ ደንብ፣ የአንድ የግመል ዱካ አቅጣጫ የሚገኘው በሽማግሌዎች ዘንድ ነው፤ ሽማግሌው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

ሰላም ሲጸና ተጓዦች ወደ ራያ መምጣታቸው አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን ሊቀድም የሚገባው የቤት ሥራ አለ፤ ይኸውም ከላስታ ገደል ሥር ተነሥቶ፣ ጎሊናንና አላውሃን ተከትሎ እስከ ዞብል ድረስ በእግርም ሆነ በብስክሌት እየተጓዙ መልካዎቹን፣ ክትሮቹንና ዱካዎቹን ከነስማቸው መመዝገብ ነው። አውራ ጎዳናው የራያን ከተሞች ያሳያል። ራያን ራያ ያደረገው ሥራ ግን ያለው ከድልድዩ በታች፣ በወንዙ መንገድ ላይ ነው።