የወይን ስም ያለው ቡና

እህቶች፣ በጂዛን ተራሮች በኩል የምንሠራ ሴቶች «ቂሽር» የሚሉትን መጠጥ ሳንቀምስ አንቀርም። ቂሽር በዓረብኛ ልጣጭ ማለት ነው። ጀንፈሉ ሲፈለፈል የሚወጣው ገለፈት ከዝንጅብል ጋር ይፈላና በትንሽ ሲኒ ይቀዳል። መልኩ ሻይ ይመስላል፣ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ቡና ቡና ግን አይልም። አገራችን ብዙ ቦታ ገለፈቱ ይጣላል፤ በሐረር በኩል ግን ያፈሉታል፣ ወተትም ይጨምሩበታል።

ስሙም ታሪክ አለው። ዛሬ ለቡና የምንሰማው «ቀህዋ» የሚለው ቃል ድሮ በዓረብኛ ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ነበር። የቡና ዛፍ መነሻው የእኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት የመን ውስጥ ሱፊዎች ሌሊት ሲጸልዩ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት ነበር። እንደ አስካሪ መጠጥ የጠረጠሩትም ነበሩ። በ1511 እ.ኤ.አ. ኻኢር ቤግ የሚባል የመካ ሹም ሊቃውንት ሰብስቦ ቡናን ከለከለ። ክልከላው ግን ብዙ አልቆየም።

እኛስ ጋ? ብዙ የደጋ ክርስቲያን ቡናን «የሙስሊም መጠጥ ነው» ብሎ አይቀምስም ነበር። ነገሩ እየላላ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ካህናቱ ያንን አሳብ እንዲተዉ ብዙ ረድተዋል።

እንግዲህ እዩት፦ እዚህ ወይን ነው ተብሎ፣ እዚያ የሌላ ሃይማኖት ነው ተብሎ ተፈራ። ዛሬስ? በ2022 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የኸውላኒ ቡና አለማመድን እውቀት የሳዑዲ ቅርስ ብሎ መዘገበ። ይህ ቡና የሚበቅለው በፈይፋ፣ በአል-ዳኢርና እዚሁ በአል-ዓሪዳ ተራሮች ነው። መንግሥቱም ያንን ዓመት «የሳዑዲ ቡና ዓመት» ብሎት ነበር።

ይህን የምጽፈው የማን ነው ብለን እንድንጣላ አይደለም። የዚህ አገር ገበሬ በእርከን ላይ ከልጅ ልጅ ተንከባክቦታል፣ ድካሙ የራሱ ነው። ግን ሲኒውን የምታጥቢው እህቴ፣ ማዳም «ይህን አገራችሁ ታውቁታላችሁ?» ብትልሽ አንገትሽን አትድፊ፤ ዛፉ ከየት እንደተነሣ ንገሪያት። እኛም በዕረፍታችን ቀን ስንገናኝ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ከአንድ ጀበና ነው የምንቀዳው። የአያቶቻችን አያቶች ይህን አላዩም።